ስፒከራችሁ ለምን አያምርም? የቤት ድምፅ አስተካክሎ ሙዚቃ በወጉ የማዳመጥ ዝርዝር መመሪያ

«ና እስቲ ይሄን ስፒከር እይልኝ» ተብዬ ጎንደር ውስጥ ያልገባሁበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ማራኪ፣ አራዳ፣ ፒያሳ፣ አዘዞ። ቅሬታው ሁሌ አንድ ነው። ባሱ ያጉረመርማል፣ ዘፋኙ ምን እንዳለ አይሰማም፣ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ግን እንደዚህ አልነበረም። ገብቼ የማየውም አንድ ነው። አንዱ ስፒከር ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ሌላው ቁም ሳጥን ላይ ወይ ከሶፋ ኋላ፣ አምፑ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው ማጉያ) ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የባሱ ቁልፍ እስከ መጨረሻው የተጠመዘዘ። ከዚያ የቤቱ ባለቤት «አዲስ ልግዛ እንዴ?» ይለኛል።

አትግዙ። ቢያንስ ይሄን ሳትጨርሱ አትግዙ። ከአስር ቤት በዘጠኙ ችግሩ ዕቃው አይደለም፣ አቀማመጡ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል።

መመሪያው የሚሠራው ሁለት የሚነጣጠሉ ስፒከሮች ላላችሁ ነው። ከአምፕ ጋር ይሁን፣ ውስጣቸው አምፕ ያለባቸው ይሁኑ፣ የሆም ቲያትር ግራና ቀኝ ይሁኑ ለውጥ የለውም። ያላችሁ አንድ የብሉቱዝ ሳጥን ብቻ ከሆነ ደረጃ 2ን፣ 5ን፣ 6ንና 8ን ብቻ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

እነዚህን ሰብስቡ፦

- ሜትር
- ካቻቢቴና ገመድ መላጫ
- ናስትሮ፣ ሊሾ ላይ ምልክት ለማድረግ
- አንድ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ፣ 1.5 ቮልት
- የእጅ መስታወት
- አንድ ሰው፣ መስታወት የሚይዝና ስፒከር የሚገፋ

ሰዓት ምረጡ። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ስፒከር የጎን ሰው አይሰማም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጥሩ ነው። ቡና እየተወቀጠ አትጀምሩ።

አሁን የመሞከሪያ ሙዚቃ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ በሉ። አምስት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንድ አዝማሪ በማሲንቆ ብቻ የዘፈነው። አንድ የበገና መዝሙር። አንድ ከበሮና ባስ ጊታር በግልጽ የሚሰማበት የባንድ ሥራ። አንድ የድሮ የሸክላ ዘመን ዘፈን። አንድ የሬዲዮ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ። ሁሉም በደንብ የምታውቋቸው ይሁኑ።

ፋይሉን እዩት። ኤምፒስሪ ሆኖ ተመልሶ ኤምፒስሪ የተደረገ ዘፈን በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ተበልቷል። ጽናጽሉ «ሽሽሽ» ብቻ ከሆነ ስፒከራችሁን አትውቀሱ። የሚቻል ከሆነ ከሲዲ በቀጥታ የተወሰደ፣ ወይም ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ ካልተቻለ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ተጠቀሙ። ሰው መድረክ ሥር ቆሞ በስልኩ የቀረጸውን ለመሞከሪያ አትጠቀሙ። ለትዝታ ይቀመጥ።

ደረጃ 2፦ መብራት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ያው በወረቀት። ማታ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ ይወርዳል፣ ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ይዘላል። ዕቃ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ መጥፋቱ አይደለም፣ አመጣጡ ነው።

1. አምፑን በስታብላይዘር በኩል ሰኩ። የስታብላይዘሩ አቅም አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት በግልጽ መብለጥ አለበት።
2. መብራት ከሄደ ወዲያው ስፒናውን ንቀሉ። ሲመጣ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ሰኩ።
3. ሰማዩ ሲያጉረመርም ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፣ ከግድግዳው ንቀሉ። አንቴና ወይም ዲሽ ከአምፑ ጋር ከተገናኘ እሱንም።
4. ዳንቴሉን አንሱ። አምፑ የሚተነፍሰው ከላይ ነው። ከላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙም ከቆላው ያነሰ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለሦስት እግር ስፒና አልገባ ሲል የምድር መስመሩን እግር የሚቆርጥ ሰው አለ። አትቁረጡ። አምፑንም አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፣ ይመታሉ።

ደረጃ 3፦ ገመድና ፖላሪቲ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወደ ስምንት ወር ገደማ የግራ ስፒከሬ ገመድ ተገልብጦ ነበር። ዘፋኙ የትም የሌለ፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ባስ የሚባል ነገር የለም። እኔ ምን አደረግሁ? የባስ ሳጥን ገዛሁ። ባሱ መጣ፣ ዘፋኙ ግን አልመጣም። አንድ ቀን ቤት ስናጸዳ ስፒከሩን አዙሬ ሳየው ቀዩ ጥቁሩ ላይ ገብቷል። ሁለት ገመድ ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ብሩ ግን ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖላሪቲ ማለት የቀዩና የጥቁሩ አገባብ ነው። ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ላይ ወደ ፊት መግፋት፣ አንድ ላይ ወደ ኋላ መሳብ አለባቸው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ የሁለቱ ባስ መሀል ላይ ይጠፋፋል።

1. አምፑን አጥፉ፣ ንቀሉ።
2. ገመድ ግዙ። «የስፒከር ገመድ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ፈልጋችሁ አትንከራተቱ። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያለው ባለሁለት መስመር፣ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሚባለው፣ እስከ 5 ሜትር ርቀት በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ 2.5 ይሁን። ባለ ብዙ ክሩ ይለምጣል፣ ለአሠራር ይቀላል።
3. አንደኛውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለዩ። ቀለም ካለው በቀለም፣ ከሌለው በሁለቱም ጫፍ ናስትሮ ጠቅልሉበት። ይሄ ቀይ ነው።
4. ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡ፣ ክሮቹን ጠምዝዙ፣ አስገቡ። አንድ ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን አትንካ። ቀይና ጥቁር ከተነካኩ አምፑ ሊቃጠል ይችላል።
5. ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር። በሁለቱም ስፒከር።

*ምልክቱ ከጠፋባችሁ ወይም ካላመናችሁት*

አንዳንድ ስፒከር ተከፍቶ ሲጠገን ውስጡ ይገለበጣል፤ ውጪ ቀይ የሚለው ውስጥ ጥቁር ነው። ገመዱን ከአምፑ በኩል ሙሉ በሙሉ አውጡ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ቀይ መስመሩ ላይ፣ ኔጌቲቩን ጥቁሩ ላይ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ነካ አድርጉ። ትልቁ ወረቀት፣ ዎፈሩ፣ «ጧ» ብሎ ወደ ውጪ ከወጣ ትክክል ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱንም ሞክሩና እኩል ወደ ውጪ እንዲወጡ አድርጉ። ውስጡ አምፕ ያለበት ስፒከር ላይ ይሄን በፍጹም አትሞክሩ።

*አሁንም ከተጠራጠራችሁ*

የሬዲዮ ንግግሩን ክፈቱ። መሀል ቁሙ። ድምፁ ከሁለቱ መካከል፣ ከባዶው አየር የሚመጣ ከመሰለ ደህና ነው። ጭንቅላታችሁን ሁለት ሰው የሚጎትት ከመሰላችሁ የአንዱን ብቻ ገልብጡ። የሁለቱንም ከገለበጣችሁ ያው በነበረበት ናችሁ፤ ስንቱ እንደዚህ አድርጎ «ልዩነት የለውም» ብሎኛል መሰላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ለግቢ፣ ለማኅበር፣ ለልደት እያሉ ተጨማሪ ስፒከር እዚያው መስመር ላይ የሚቀጥሉ አሉ። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሌላ ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ከቀጠላችሁ 4 ኦም ይሆናል፤ አምፑ እጥፍ ይሸከማል። የአምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም ሳታዩ አትቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ቦታ

ሌላውን ሁሉ ዘልላችሁ ይሄን ብቻ ብትሠሩ ራሱ ልዩነቱን ትሰማላችሁ።

*ከፍታ*

ከስፒከሩ ላይ ያለችው ትንሿ፣ ትዊተሯ፣ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ እኩል ትሁን። ሶፋ ላይ ከሆነ ከወለል 90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መደብ ወይም ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ከሆነ የምትቀመጡት ዝቅ ይላል፤ ለኩት። ቁም ሳጥን ላይ ያለውን ዛሬውኑ አውርዱ። ቀጭኑ ድምፅ ከአናታችሁ በላይ እየበረረ ነው።

ማስቀመጫ መግዛት አያስፈልግም። ብሎኬት አለ። 20 በ20 በ40 የሆነውን ብሎኬት በጎኑ አስተኝታችሁ ሦስት ስትደራርቡ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ላዩ ላይ መካከለኛ ስፒከር ሲቀመጥ ትዊተሯ 85 አካባቢ ትደርሳለች። ትንሽ ካነሰ የስፒከሩን የፊት ጫፍ በእንጨት ሽብልቅ ቀና አድርጉት። በብሎኬቱና በስፒከሩ መካከል የድሮ ከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ፤ አይንሸራተትም፣ አይንቀጠቀጥም። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ስፒከሩን ከብሎኬቱ ጋር በገመድ እሰሩት። ይሄ ቀልድ አይደለም።

«ሳሎን ውስጥ ብሎኬት?» የምትል ሴትዮ እንዳለች አውቃለሁ። አቡጀዴ አልብሱት። ጥልፍ ያለው ከሆነ እንዲያውም ያምራል።

*ከግድግዳ ያለው ርቀት*

ባስ ግድግዳ ሲያገኝ ያብጣል። አንድ ግድግዳ ካገኘ ያብጣል፣ ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና ወለል ካገኘ ጭራሽ ያጓራል። ስለዚህ፦

1. ስፒከሮቹን ከጥግ አውጡ። ከጎን ግድግዳ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር።
2. ከኋላ ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ጀምሩ።
3. የባንዱን ዘፈን ክፈቱ። ባሱ ከከበደ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት። ከሳሳ 10 ወደ ኋላ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።
4. የባስ ጊታሩን እያንዳንዱን ኖታ ለይታችሁ ማዜም ስትችሉ አቁሙ። «ዱም ዱም» ብቻ እስከሆነ ድረስ ገና ነው።

*ሦስት ማዕዘኑ*

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫችሁም 2 ሜትር ይሁን። ትንሽ ብትርቁ ችግር የለም። በሜትር ለኩ፣ በዓይን አይደለም። ግራው 2 ሜትር፣ ቀኙ 2 ሜትር ከ20 ከሆነ ዘፋኙ ወደ ግራ ይሸሻል። ስፒከሮቹን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ትከሻችሁ አዙሩ። ድምፁ ከሾለባችሁ ትንሽ መልሱ።

ክፍሉ አራት በሦስት ተኩል ከሆነ በረጅሙ በኩል እንዲተኩሱ አድርጉ፣ ማለትም በአጭሩ ግድግዳ በኩል ይቀመጡ።

*መቀመጫችሁ*

የእኛ ሶፋ ሁሌ ግድግዳ የተደገፈ ነው። ባስ ደግሞ ግድግዳው ሥር ይከመራል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ የራሱ ጉርምርምታ አለው፤ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ስትሰሙ በሙሉ ኃይሉ ታገኙታላችሁ፣ ክፍሉ እምብርት ላይ ስትቀመጡ ደግሞ እዚያው ይጠፋል። ከሁለቱም ሽሹ። ለማዳመጫው ሰዓት ሶፋውን ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ወደ ፊት ሳቡ፣ ስትጨርሱ መልሱ። ሶፋው ከከበደ በርጩማ ይዛችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

*ዘፋኙ መሀል ካልመጣ*

ባላንሱ መሀል መሆኑን እዩ። ርቀቱን እንደገና ለኩ። አንደኛው ስፒከር ጎን ቁም ሳጥን ሌላው ጎን መጋረጃ ካለ ቁም ሳጥኑ ድምፁን ይጎትተዋል፤ ደረጃ 5ን ሠርታችሁ ተመለሱ። የድሮው የሸክላ ዘመን ዘፈን ላይ ግን ሁሉም ነገር፣ ከበሮውም ሳክስፎኑም፣ መሀል ላይ ተከምሮ ከሰማችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፣ ማለትም ከሁለቱም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። እንዲያውም ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ሞኖ ዘፈን መሀል ላይ ጠበብ ብሎ ካልቆመ አቀማመጣችሁ ገና ነው።

ሲያልቅ የስፒከሩን አራት ማዕዘን ሊሾው ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት። ነገ ቤት ሲጠረግ፣ ለቡና ቄጠማ ሲጎዘጎዝ መነሳቱ አይቀርም።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን ማለዘብ

ክፍሉ መሀል ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። «ዚንንን» የሚል ጅራት ከተከተለ ድምፁ በግድግዳዎቹ መካከል እየተላጋ ነው። ሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ቤት በሊሾ ወለል እንደዚህ ያደርጋል። ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ጊዜ ቤቶችም ጣሪያቸው ከፍ ያለ ስለሆነ እንዲሁ።

1. በእናንተና በስፒከሮቹ መካከል ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ወፈር ያለ።
2. ተቀመጡ። ረዳታችሁ መስታወቱን የጎን ግድግዳ ላይ በጆሯችሁ ከፍታ ይዞ በዝግታ ይሂድ። መስታወቱ ውስጥ ትዊተሯ የታየችበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ድምፁ መጀመሪያ ነጥሮ የሚመጣባችሁ ከዚያ ነው።
3. እዚያ ላይ ቡሉኮ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከራቀ የበለጠ ይሠራል። ጋቢ ሳይታጠፍ ብዙ አይረዳም፤ አራት አጥፉት።
4. መስኮቱን በመጋረጃ።

የእንቁላል ካርቶን አትለጥፉ። ባስ አይነካም፣ እሳት ግን በደንብ ይይዛል። ስስ ስፖንጅ ግድግዳውን ሙሉ መለጠፍም ስህተት ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይበላና ቤቱ ድፍን ብሎ ባሱ እንዳለ ይቀራል። ለባስ የሚረዳው ወፍራም ነገር ነው። ጥግ ላይ የቆመ የእንግዳ ፍራሽ ከምታስቡት በላይ ይሠራል።

*የሚንጫጫ ነገር ካለ*

የባንዱን ዘፈን ከፍ አድርጉና ክፍሉን ዙሩ። የቡፌው መስታወት፣ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች፣ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ፣ ልቅ የሆነ የኮርኒስ ጥግ። በእጃችሁ ያዝ አድርጉ፤ ዝም ካለ እሱ ነው። ሲኒዎቹን አውርዱ፣ ከፎቶው ኋላ ጨርቅ አድርጉ። «ስፒከሩ ተቀዷል» ተብዬ ሄጄ የመብራት ሽፋን ያጠበቅሁበት ቤት አለ።

ደረጃ 6፦ ስልክና ቮሉም

1. ስልኩ ላይ ያሉትን ማሳመሪያዎች በሙሉ አጥፉ። ባስ ቡስት፣ ሰራውንድ፣ ኢኳላይዘር። አምፑ ላይም ባስና ትሬብል መሀል።
2. በገመድ ከሆነ የስልኩን ቮሉም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ፤ ከሻከረ አንድ ሁለት ዝቅ። ከዚያ በኋላ በአምፑ ብቻ አዙሩ። ብዙ ሰው ስልኩን ግማሽ አድርጎ አምፑን ይከፍትና «ሽሽሽ» ይላል ይለኛል።
3. ብሉቱዝ ይሠራል፣ አልከለክልም። ግን ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። ከስልኩ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ አምፑ ቀይና ነጭ ቀዳዳ የሚሄደው ገመድ ርካሽ ነው።
4. አምፑን ሁሌ ከዜሮ ጀምሩ።

*ስለ ዋት*

ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ ተብሎ የተጻፈውን ሺህና ሁለት ሺህ ዋት እርሱት። የምትፈልጉት አርኤምኤስ የሚለውን፣ ያለማቋረጥ የሚችለውን ቁጥር ነው። እጥፍ ዋት ደግሞ እጥፍ ድምፅ አይደለም፤ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ ነው የሚጨምረው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ያስፈልጋል።

ስፒከር ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች አንዱ ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ መከፈቱ ነው። አምፑ ሲያቅተው የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ከመቆረጡ የሚፈጠረው ሻካራ ቀጭን ድምፅ ወደ ትዊተር ይሄዳል፣ ትዊተሯ ትሞታለች። አንድ ጎረቤቴ ለሠርግ ተውሶኝ የመለሰልኝ ስፒከር ባስ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ «ደህና ነው እኮ፣ ይጮኻል» አለኝ። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ወዲያው ዝቅ አድርጉ። የባስ ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ክፈቱት። ሳጥኑን እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ ዘፈኑን ክፈቱ፣ ግድግዳውን ይዛችሁ እየዳኻችሁ አዳምጡ፤ ባሱ ጥርት ያለበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ነው። ሰው ከመጣ አትፈሩ፣ ቀለበት ጠፍቶኝ ነው በሉ።

ደረጃ 7፦ «ምምምም» የሚል ድምፅ ካለ

1. ወደ አምፑ የሚገቡትን ገመዶች ሁሉ ንቀሉ። ዝም ካለ ችግሩ ከውጪ ነው።
2. አንድ በአንድ መልሱ። «ምምምም» የሚለው ሲመለስ፣ ጥፋቱ የመጨረሻ የሰካችሁት ገመድ ነው።
3. ስልክ ወይም ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።
4. ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ቀይና ነጩን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁ፤ መሻገር ካለበት መስቀል ሠርቶ ይሻገር።
5. ምንም ሳይገባበት የሚያጉረመርም ከሆነ የአምፑ የራሱ ነው፤ ወደ ጠጋኝ።

ደረጃ 8፦ ቁጭ ብሎ መስማት

ይሄን ሁሉ ለፍታችሁ ስልክ እየነካካችሁ ከሰማችሁ ምን ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ቀን 30 ደቂቃ ይበቃል። ከበረካ በኋላ፣ ቤቱ ሲረጋ።

1. ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። በሩን ዝጉ። መብራቱን ቀንሱ።
2. ድምፁን ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ትንሽ ጮክ ብላችሁ የምታወሩበት ያህል አድርጉ፣ ከ70 እስከ 75 ዴሲቤል። የስልክ መለኪያ መተግበሪያ ግምቱን ይሰጣችኋል። ጆሮ እንዳይጎዳ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የመጨረሻው ገደብ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።
3. አንዱን ዘፈን መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ምንም አትፈልጉ።
4. ሁለተኛ ስትሰሙት አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ። ማሲንቆ ከሆነ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው፤ ቀስቱ አቅጣጫ ሲቀይር የሚሰማውን ትንሽ ሻካራ ነገር ፈልጉ። ከበሮ ከሆነ ሰፊው አፍና ጠባቡ አፍ የሚመላለሱበትን።
5. ሦስተኛ ላይ የአዝማሪውን ግጥም ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ከማንኛውም መለኪያ የማምነው ይሄን ነው። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚለየው በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ነው፤ ባሱ ካበጠ ወይም ክፍሉ ከተላጋ ያቺ ፊደል ትዋጣለች። ከአንድ ስንኝ ከሁለት ቃል በላይ ካመለጣችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፣ ስፒከሩን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ እንደገና።

*በገና ስትከፍቱ*

«ዝዝዝ» ሲላችሁ ስፒከሩ ተቀደደ ብላችሁ እንዳታጠፉ። የበገና ድምፅ ራሱ ነው። 10 ክር አለው፣ ክሩ ድልድዩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቆዳ ይገባበትና እንዲነዝር ይደረጋል። ለማረጋገጥ ያንኑ ቦታ በኢርፎን ስሙ። እዚያም ከነዘረ የበገናው ነው። ኢርፎን ላይ ጠፍቶ ስፒከሩ ላይ ብቻ ካለ ወደ ሲኒዎቹ ተመለሱ፤ እሱም ካልሆነ የዎፈሩን ጠርዝ ባትሪ አብርታችሁ እዩ፣ ጎማው ወይም ስፖንጁ ተበልቶ ይሆናል።

*ቶሎ ከሰለቻችሁ ወይም ጆሯችሁ ከደከመ*

ብዙ ጊዜ ድምፁ ሾሎ ነው። ስፒከሮቹን ትንሽ ወደ ውጪ አዙሩ፣ ቮሉሙን ቀንሱ። ሌላ ፋይልም ሞክሩ።

ስትጨርሱ በቅደም ተከተል አጥፉ። ቮሉሙን ወደ ዜሮ፣ ከዚያ አምፑን፣ ከዚያ ስታብላይዘሩን። ዳንቴሉን አምፑ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምትመልሱት፤ እናታችሁ ቤት ከሆናችሁ ግን ሳያዩ በፊት መልሱት።